የቅዳሜው ዳንቴል

ጸሎት ቤታችን በቀበሌ ማኅተም በታሸገ በሁለተኛው ዓመት፣ አምስት ሴቶች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት መሰብሰብ ጀመርን። ያን ጊዜ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። አስተማሪ ነበርሁ። ባል አላገባሁም፣ ልጅም የለኝ፤ ጠያቂ የማይበዛበት ቤት ነው ተብሎ የእኔ ተመረጠ። ችግሩ አምስት ሴት በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ቤት ስትገባ ጎረቤት ማየቱ አይቀርም። የእኛ እምነት "መጤ ሃይማኖት" የሚባልበት ዘመን ነበር። ተሰብስቦ ሲጸልይ የተገኘ ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ ተጠርቶ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ አይታወቅም።

የዳንቴሉን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"ሰው ቢመጣ ዳንቴል እየሠራን ነው እንላለን" አልኋቸው።

በዚያ ዘመን ዳንቴል የማይሠራ ሴት አልነበረም። ሶፋውም፣ ጠረጴዛውም፣ ሬዲዮኑም ሳይቀር ዳንቴል ይለብስ ነበር። ሁሉም ሐሳቡን ወደዱት። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ከክር ቅርጫቱ ሥር አደረግነው። ዓይናችንን ሳንጨፍን፣ ኪሮሻችንን እያንቀሳቀስን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በየተራ እንጸልያለን። በር ከተንኳኳ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ዳንቴሉ ማንም ግድ አልነበረውም። እጃችን ለይስሙላ ይንቀሳቀሳል እንጂ ልባችን ሌላ ቦታ ነበር። ስለታሰሩት ወንድሞች ስንጸልይ እናለቅሳለን። አንድ ቀን የሠራሁትን ሳየው ግማሹ ተሳስቶ ጠማማ ሆኖ አገኘሁት፤ ፈትቼ እንደገና ጀመርሁት፤ ምንም አልመሰለኝም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ በእርግጥም በሩ ተንኳኳ። ሁለት የቀበሌ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ደጃፉ ላይ ቀረ፣ ሌላው ገባና እያንዳንዳችንን ተራ በተራ ተመለከተን። ከሁላችንም ትልቋ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ፣ ቀና ብለው "ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉት። አልተቀመጠም። ከእጄ ያለውን ሥራ ጎንበስ ብሎ አየና "ይኼ የጠረጴዛ ነው? የእኔም ባለቤት እንዲህ ያለ ነው የምትፈልግ" አለኝ።

"ልሠራላት እችላለሁ" አልሁት።

ሲወጡ ሁላችንም በእፎይታ ሳቅን። ዳንቴሉ አዳነን ተባባልን። ለሰውዬው ሚስትም የጠረጴዛ ልብሱን ሠርቼ ሰጠሁ። እሷ ለጓደኛዋ አሳየች፣ ጓደኛዋ ደግሞ ለሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ። ለአብዮት በዓል በተዘጋጀው የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ የእኔ ዳንቴል መሀል ላይ ተሰቀለ። ሰው ቆሞ ሲያየው ራቅ ብዬ አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን ቀስ በቀስ ተለወጠ። መቼ እንደሆነ ቀኑን ልናገር አልችልም። አንዷ አዲስ ጥለት ይዛ ትመጣለች፤ እሱን ስንማር ሰዓቱ ይሄዳል። ሌላዋ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥሩ ክር አግኝታ ታሳየናለች። ጸሎቱ አልቀረም፤ መጨረሻ ላይ፣ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት፣ በየተራ አጠር አጠር አድርገን እንጸልያለን። እኔ በልቤ የዳንቴሉን ሰንሰለት እቆጥራለሁ፣ በአፌ "ጌታ ሆይ" እላለሁ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መቻሌ ብልህነት ይመስለኝ ነበር።

ከአምስታችን አንዷ ከኮምቦልቻ ነበር የምትመጣው። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ሞቶባት አንድ ወንድ ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች፣ ዝምተኛ ናት። ዳንቴል አታውቅም ነበርና ስትመጣ የምትይዘው አንድ የማያልቅ ጠባብ ጥብጣብ ነበር፤ እንስቅባታለን፣ እሷም ትስቃለች። አንድ ቅዳሜ ዘግይታ ገባችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሻይ ሊቀርብ ሲል "ስለ ልጄ ጸልዩልኝ" አለች። ማክሰኞ ዕለት ስለደረሰ ነገር ተናገረች። እኔ የአንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ማዕዘን እያዞርሁ ነበር፤ ማዕዘን ላይ ቁጥሩ ከጠፋ ሥራው በሙሉ ይበላሻል። ተራው የእኔ ስለነበር ጸለይሁ። ልጇን ጌታ እንዲፈውሰው፣ ከአልጋው እንዲያነሣው ለመንሁ። ሁላችንም አሜን አልን። እሷ ሻዩን ሳትጠጣ "አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። የልጁ ሕመም ቢጠና ነው ተባባልን።

በዚያው በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አከራዬ ግቢው ውስጥ ያሰጡትን በርበሬ ሲሰበስቡ ላግዛቸው ወጣሁ። አከራዬ ሙስሊም ናቸው፣ የእኔን እናት የሚያህሉ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። በርበሬውን ወደ ስልቻ እየጨመሩ፣ ቀና ሳይሉ፣

"አንቺ ልጅ፣ ዱዓ ተዋችሁ እንዴ?" አሉኝ።

"የምን ዱዓ እማማ?" አልኋቸው። ወደ ውጭ በሩ ዞር ብዬ አየሁ።

"አትደንግጪ። ወላሂ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልሁም። ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው። በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ስታለቅሱ እሰማችሁ ነበር። እኔም የአስር ሰላቴን የምሰግደው በዚያው ሰዓት ነው። እናንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ፤ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምሰማው ሳቅና የክር ወሬ ነው። ፈርታችሁ ነው ወይስ ጠገባችሁ?"

"አልተውንም" ማለት ፈለግሁ፤ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በርበሬውን ስሰበስብ እጄን አቃጠለኝ፤ በዚያ ማመካኘት ቻልሁና ዓይኔን እያሸሁ ገባሁ።

በማግሥቱ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ለታመመው ልጅ ብርቱካን ገዝቼ ያዝሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ነበር፤ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ወደ ኋላ ቀረ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ቤቷን እየጠየቅሁ አገኘሁት። ግቢዋ ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ስታየኝ ተነሥታ ሳመችኝ።

"ልጁ ተሻለው?" አልኋት፣ ብርቱካኑን እያቀበልኋት።

ብርቱካኑን ተቀብላ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው።

"ልጄ አልታመመም" አለችኝ። "ማክሰኞ ዕለት ከመንገድ አፍሰው ወሰዱት ነው ያልኋችሁ። ለብሔራዊ ውትድርና። የት እንዳደረሱት እስካሁን አላወቅሁም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ይቅርታ ለመንኋት።

"ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልተናገርሽም? ለምን አላረምሽኝም?"

"ልናገር ነበር። ቀና ብዬ ሳያችሁ ሁላችሁም አቀርቅራችኋል። አሜን አላችሁ። እኔም አሜን አልሁ።" ከዚያ ደግሞ እኔን ለማጽናናት ይመስላል፣ "እኔም እኮ እንደናንተው ነበርሁ። ባለፈው ዓመት ስለታሰረው ወንድም ስንጸልይ እኔ የፋብሪካውን ፈረቃ ነበር የማስበው" አለችኝ።

ቤት አስገባችኝ። "እንጸልይ" አለች። ተቀመጥሁ፤ እጄ ከቦርሳዬ ውስጥ ዳንቴሉን አወጣ። አስቤ አላደረግሁትም፤ እጄ ነው ያወጣው። እሷ ዳንቴሉን አየችው። መልሼ ከተትሁት። ከዚያ እጆቼን የማደርግበት ጠፋኝ። ጭኔ ላይ አደረግኋቸው፣ አጣጠፍኋቸው፣ በመጨረሻ ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥሁባቸው። እሷ ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላለች። እኔም ጨፈንሁ። ውስጤን ባዳምጠው ያላረምሁት የፈተና ወረቀት፣ የአልጋ ልብሱ ማዕዘን፣ የምመለስበት አውቶቡስ፣ የአከራዬ ንግግር አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይመጣል። የፋብሪካው የፈረቃ ሳይረን ጮኸ። አንድ የጸሎት ቃል አልመጣልኝም።

ብዙ ከቆየን በኋላ "አልቻልሁም" አልኋት።

"ስለ ልጄ ልንገርሽ" አለችኝ።

ነገረችኝ። ግራኝ እንደሆነ፣ በልጅነቱ አስተማሪ በቀኙ እንዲጽፍ ሲመታው ትምህርት ቤት ጠልቶ እንደነበር፤ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ እንደማይበላ፤ ውሻ እንደሚፈራና ይህንንም ከጓደኞቹ እንደሚደብቅ፤ በወሰዱት ቀን የለበሰው ሸሚዝ አንድ ቁልፍ እንደጎደለውና እሷ ልትተክልለት ቀጥራው እንደነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አብራኝ የጸለየች ሴት ናት፤ ስለ ልጇ ከዚያ ቀን በፊት የማውቀው አንድ ነገር አልነበረም። ከዚያ ጸለይሁ። ያማረ ቃል አልነበረውም። የነገረችኝን መልሼ ለእግዚአብሔር ነገርሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷም መጣች። ለሴቶቹ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ዳንቴሉንም እንድንተወው ጠየቅሁ። አዋላጇ አልተስማሙም።

"አንቺ ልጅ ነሽ፣ እኔ እስር ቤቱን አውቀዋለሁ" አሉ። "ሲመጡ እጃችንን አጣጥፈን ቢያገኙን ምን እንላለን?"

ልክ ነበሩ። ስንከራከር ቆየን። በመጨረሻ መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ አንዳችን በየተራ በር አጠገብ ተቀምጠን እንሥራ፣ የቀሩት ኪሮሻቸውን ክሩ ላይ ሰክተው አጠገባቸው ያኑሩት፤ ኮቴ ከተሰማ ለማንሣት አንድ አፍታ ይበቃል። እንዲያ አደረግን። በር የምትጠብቀው ያን ቀን እንዳትጸልይም ተስማማን። እሷ ትሥራ፣ እኛ እንጸልይላት።

የአልጋ ልብሱን ላዘዘችኝ ሴት ሳልጨርሰው መለስሁላት፣ ከነክሩ።

"ምነው? እጅሽን አመመሽ?" አለችኝ።

"አይ፣ ቅዳሜዬን ለሌላ ጉዳይ ፈልጌው ነው።"

"ልታገቢ ነው በይኛ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያን ሲያወራ ከርሟል።

ዳንቴሉን ስተው ጸሎቴ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። አልተስተካከለም። ቤቴን ዞር ብዬ ሳየው ሌላም ብዙ ነገር ነበረ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የምከፍተው ሬዲዮን ነው፤ ሻዩ እስኪፈላ ደብተር አርማለሁ፤ በዚያ መሀል ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ የምላትን ነበር ጸሎት የምላት። ደብተሮቹን ትምህርት ቤት መተው ጀመርሁ። ሬዲዮኑን ለአከራዬ አዋስኋቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። የአልጋዬን አንድ ጎን ባዶ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መንበርከክ ጀመርሁ።

ያን ጊዜ ነው የባሰው። ክፍሉ ጸጥ ሲል የእኔ ጩኸት ተሰማ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የተጣላሁትን በየጠዋቱ እንደገና እጣላለሁ። ትርኢቱ ላይ የተሰቀለው ዳንቴሌ በዓይኔ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ተነሥቼ ሬዲዮኑን ላስመልስ እላለሁ። ለአዋላጇ ብነግራቸው "ምጥ ላይ ያለች ሴት 'ቶሎ በይ' ስትባል ትዘገያለች" አሉኝ፤ ሌላ ምክር አልሰጡኝም። እኔም ቶሎ ማለቱን ተውሁ። የመጣብኝን ሐሳብ አልታገለውም፤ ስሙን ጠርቼ ለእግዚአብሔር አሳየዋለሁ፤ "ይኸው፣ ዛሬም የማስበው ይህን ነው" እላለሁ። ወራት ሄዱ። አንድ ጠዋት ከጸሎት ስነሣ ትምህርት ቤት ሊረፍድብኝ ምንም አልቀረው፤ ሰዓቱ መሄዱን አላወቅሁም ነበር።

ቅዳሜያችንም እንደ ቀድሞው ሆነ። አከራዬ ድምፃችን ወደ ውጭ እንዳይሰማ በዚያ ሰዓት ዶሮዎቻቸውን ከመስኮቴ ሥር እየጮኹ ማባረር ጀመሩ። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሰውዬ ወደ እኛ ሲመጣ ግቢው መሀል ላይ አቁመው ስለ ቧንቧው መዘጋት እስኪሰለቸው ድረስ ከሰሱለት፤ ሳይገባ ተመለሰ። "ለጉልበቴም ዱዓ አድርጉልኝ" አሉኝ በኋላ። አደረግን፤ የትኛው ጉልበት እንደሆነም ጠይቄያቸው ነበር፣ የቀኙ ነው።

ከልጁ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለቱንም ከሰሜን ነው የጻፈው። ከዚያ ተቋረጠ። እናቱ መምጣቷን አላቋረጠችም። አንዳንድ ቅዳሜ ስለ እሱ መናገር ያቅታትና እኛው የነገረችንን እናስታውሳለን።

መንግሥቱ በወደቀ ጊዜ ልጁ ተመለሰ። ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር በእግሩ ነው የመጣው፤ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው መስማት አቁሞ። ሁላችንም ኮምቦልቻ ወርደን አየነው። ብዙ አልተናገረም። ጸሎት እንደማይፈልግ ለእናቱ ነግሯት ነበር፤ ያየውን ካየ በኋላ ለማን ምን እንደሚባል አላውቅም አላት። አልተከራከረችውም።

ጸሎት ቤታችን ተከፍቶ ሕዝቡ በአደባባይ መዘመር ሲጀምር የቅዳሜው ስብሰባ ቀረ። እኔ ግን በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እኔና እሷ ውስጥ ገብተን እንጸልያለን፤ ልጇ ውጭ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ ስለ እሱ አንድ ቃል ሳይወጣን ሰዓቱ ያልፋል፤ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ስንጨርስ ምሳ ይቀርባል፤ እሱም እጁን ታጥቦ ይገባና አብሮን ይበላል።