ልጄን ያስቀረሁበት ክትባት

ከልጄ አባት ጋር ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ልጅቱን ሦስት ወር እኔ ዘንድ ድሬዳዋ፣ ሦስት ወር እሱ ዘንድ ናዝሬት ብለው ፈረዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የባቡር ትኬት ቆራጭ ስለነበሩ፣ በሊቶሪና ባቡር የሚያመላልሷትም እሳቸው ሆኑ። እኚህ ሰው ኮፍያቸውን ተኝተውም አያወልቁም ይባል ነበር። እሱን እንተወውና፣ ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት ፈንጣጣ ገባ ተባለ። ከሐረርጌ ወደ ሸዋም ሆነ ከሸዋ ወደ ሐረርጌ ያልተከተበ አይሳፈርም፤ የተከተበ ሕፃንም ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ካልወደቀ አይሳፈርም።

ይህን የነገረችኝ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤቴ ናት።

"አባዮ፣ እህቴ፣ ልጅሽ መቼ ነው የምትሄደው?"

"ቅዳሜ።"

"እና አርብ አስከትቢያታ! ወላሂ፣ ሦስት ሳምንት ያንቺ ናት።"

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ላይ ሽማግሌው የልጄን ክንድ አዩ፣ እኔንም አዩ።

"ሦስት ወር ሙሉ እጅሽ ላይ ሆና ክትባቱ ትናንት ትዝ አለሽ?"

"ምን ላድርግ አባባ፣ ጤና ነው።"

"ጤናስ ጤና ነው" ብለው ብቻቸውን ተሳፈሩ።

ቅርፊቱ መውደቁ አልቀረም፣ ልጄም ሄደች። ሦስት ወሯን ጨርሳ የምትመለስበት ቀን ጣቢያ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ወረዱ። ግራ ክንዳቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። አባትዬው በሌላኛው ክንዷ አስከትቧት ነበር!

ለጎረቤቴ እያለቀስኩ ስነግራት ሳቋ አላቆም አላት። "አቦ፣ መንገዱን ማን አሳየው?"

እኔ ግን ስጋት ገባኝ። ዛሬ ክንዷን ሰበብ ያደረገ ሰው ነገ ሌላ አያጣም፤ በዚያው ልጄን ቢያስቀራትስ?

በአራተኛው ቀን መጣች። የኔው ክትባት በደንብ ይዞላት ኖሮ የሱ እብጠትም አላወጣ፤ የናዝሬት ጤና ጣቢያ ድሬሰር አይቶ "ይቺ ልጅ ምንም የላት" ብሎ አሳፈራት። ጣቢያው መሃል እልል አልኩ። የኔ ክትባት የሱን አሸነፈዋ!

ልጄ ሁለቱንም እጅጌዋን ሰብስባ ታየኝ ነበር።

"እማ፣ ቀጣዩ እግሬ ላይ ነው?"

እልልታዬን አቋርጬ እጅጌዋን አወረድኩላት።

የአባቷ ተራ ሲደርስ በቀኑ ይዣት ጣቢያ ሄድኩ።

"አባባ፣ አልጠገብኳትም፤ አሥር ቀን ይጨምርልኝ በሉት።"

"ይሄው ነው? ሌላ ነገር የለውም?"

"የለውም።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ለካ ራሰ በራ ኖረዋል።

አባቷ አሥሩን ቀን ፈቀደ። በሱ ተራ ጊዜ እሱም አሥር ቀን ጠየቀ፤ ስምንት ልለው አስቤ ነበር፣ አሥሩንም ሰጠሁት።