የሠላሳ አራት ቁጥር ቤት ልጅ

ሚስቴ ይህን ሳታውቅ ሞተች። ሁለት የነፍስ አባት ቀብሬያለሁ፤ ለሁለቱም ስለ መጠጤ፣ ስለ ምላሴ፣ ስለ ሌላም ሌላም ተናዝዣለሁ፣ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። አሁን ለማላውቅህና ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢዬ እናገረዋለሁ። በሕይወት ያለች ልጅን፣ ለአባቷ፣ ሞታለች አልኩት። ይህ ስሕተት ነበር። አለመሞቷን ካወቅሁ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ፣ አሁንም ሞታለች አልኩት። ይህ ስሕተት አልነበረም።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። አስኳላ የረገጥኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ታይፕ መምታት የለመድኩት በመስኮት ጸሐፊዋን እያየሁ ነው። በኋላ የተበላሸ የጽሕፈት መኪና ፈትቼ ስገጥም ከጎሬ ድረስ መኪና እየላኩ ይወስዱኝ ነበር። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል እናገራለሁ፤ እንግሊዝኛውንም ከአንድ ሽፋኑ ከወደቀ የመዝገብ ቤት መጽሐፍ ለቅሜዋለሁ። በኢሉባቦር ሙሉ የእኔን ያህል ፋይል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው ብትል አልከራከርህም። ጉራዬን ካላወቅህ ግን ኃጢአቴንም አታውቀውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ምክንያት ከወሎ ሰው በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ነው። ከዳሪሙ ወዲያ ጫካው እየተመነጠረ፣ ስም የሌላቸው ቁጥር ብቻ ያላቸው መንደሮች ተሠሩ፤ መንደር ሁለት፣ መንደር አምስት እየተባሉ። እኔ መቱ ላይ የሰፋሪዎቹ መዝገብ በሚያዝበት ቢሮ መዝገብ ቤቱን ተረከብኩ። ስረከበው ወረቀቱ በጆንያ ነበር። ሰው ሲሞት ወይም ሲዛወር ስሙን በምላጭ ይፍቁታል፤ ከተፋቀ በኋላ ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

እኔ ምላጩን ከቢሮው አስወጣሁ። ለእያንዳንዱ ቤት ካርድ አበጀሁ። በእኔ መዝገብ ቤት ምንም አይፋቅም፣ ምንም አይቀደድም። የሞተ ሰው ስሙ ላይ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፣ ስሙ ግን እንደተነበበ ይኖራል። ቤተሰብ ቤቱን ለቆ ሲሄድ ካርዱ በሙሉ ይሰመርበታል፤ ከመስመሩ ጎን ምክንያቱና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ የአዲሱ ነዋሪ ካርድ ከፊት፣ የአሮጌው ከኋላ ሆነው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። እንግዲህ አንድ ቤት ስትከፍት የዛሬውንም የትናንቱንም ነዋሪ ታገኛለህ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው።

አስቸጋሪው መዝገቦቹን እርስ በርስ ማገናኘት ነበር። የሞት ወረቀት ከጤና ጣቢያ ይመጣል፣ የእህል እደላው መዝገብ መጋዘን ነው፣ ካርዱ እኔ ዘንድ ነው። ስም እንደ ጸሐፊው ጆሮ ስለሚለዋወጥ፣ ሦስቱን ያገናኘኋቸው በቤት ቁጥር ነው። ጤና ጣቢያው «መንደር ሁለት፣ ሠላሳ አራት ቁጥር፣ ሴት ሕፃን፣ ወባ» ብሎ ይልካል፤ እኔ ሠላሳ አራትን ከፍቼ ሕፃኗን አገኛለሁ። ሰው ይዛወራል እንጂ ቤት አይዛወርም እል ነበር። በዚህች ንግግሬ ውስጥ የተኛውን አደጋ አላየሁትም ነበር? አይቼው ነበር። ከመስመሩ ጎን ቀን እንዲጻፍ ያደረግሁት እኮ ለዚሁ ነው፤ ሞቱ ከመዛወሩ በፊት ይሁን በኋላ እንዲለይ፣ የአንዱ ቤተሰብ ሬሳ ለሌላው እንዳይሰጥ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጣስኩትም እኔ ነኝ።

አንድ የዝናብ ቀን ይመር የሚባል ሰው መጣ። የወሎ ገበሬ ነው፤ በሁሩሙ በኩል ካሉት ሰፈራዎች አንዱ ላይ አስፍረውት ነበር። ሚስቱ በመንገድ ሞታለች። እሱ እሷን ሲቀብር ልጁ ሰኢዳ በሌላ መኪና ተጭና ሄደች። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች አያውቅም። መቱ ላይ መዝገብ አለ ሲሉት በእግሩ መጣ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነበር።

ለእኔ ግን ያ ቀን ሌላ ቀን ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ጓድ ሥራዬን ሊያይ መጥቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሳቢያዎቼን ይመለከታል። ጸሐፊያችን እትዬ በላይነሽ ጉራዬን ለብቻዬ የማትተውልኝ ሴት ነበረች፤ ሻይ ይዛ ስታልፍ፣ «ዛሬስ ካባ ብቻ ነው የቀረህ» አለችኝ በጆሮዬ። ይመር በር ላይ ቆሞ የልጁን ስም ሲናገር፣ ይህን እግዜር ነው የላከልኝ አልኩ። ወደ እንግዳው ዞሬ፣ «ጓድ፣ እዚህ ቢሮ ሰው የሚገኘው ሻይዎ ሳይበርድ ነው» አልኩት።

የስም ማውጫውን ገለጥኩ። ሰኢዳ ይመር፣ ስትመጣ የተመደበችው መንደር ሁለት፣ ሠላሳ አራት ቁጥር ቤት፤ ዘምዘም የምትባል ሴት ከመንገድ አንስታ ይዛት ነበር። ሠላሳ አራትን አወጣሁ። ከፊት ያለው ካርድ የሌላ ቤተሰብ ነው። ከኋላው ቀይ መስመር የተሰመረበት የዘምዘም ካርድ፣ እላዩ ላይ ሰኢዳ። ከካርዶቹ ጋር ደግሞ ገና ወደ ካርድ ያልተገለበጠ የጤና ጣቢያው ወረቀት፦ ሠላሳ አራት፣ ሴት ሕፃን፣ ወባ። ሦስቱ እጄ ላይ ገጠሙ። ልጅቷ ሞታ ሴቲቱ ከሐዘኑ ቤት ሸሽታ ይሆናል ብዬ ታሪኩን እዚያው ፈጠርኩት። ከመስመሩ ጎን ያለውን ምክንያትና ቀኖቹን አላነበብኩም። ሁለቱም ቀኖች፣ የመዛወሩም ወረቀቱን የተቀበልኩበትም፣ በራሴ ጽሑፍ፣ በራሴ ቀለም ተጽፈው ነበር። ሻዩ ግን ገና ይተን ነበር።

«አባቷ ነህ?»

«ነኝ፣ ጌታው።»

«ሰኢዳ አርፋለች። ወባ ነው። አላህ ያጽናህ።»

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፤ ለፍጥነቴ። ይመር ጭቃውን ወለሉ ላይ እንዳያራግፍ ቀስ ብሎ እየረገጠ ወጣ። እኔ ሌላ መሳቢያ ልከፍት ሄድኩ።

በደንቤ መሠረት የሞተ ሰው እህል ይቆማል። ስሟን ወደ መጋዘን አስተላለፍኩ፤ እዚያም ከዘምዘም ስም ሥር አግኝተው አቆሙባት። ብዙ ሳይቆይ የመንደር አምስት ሊቀመንበር «በሕይወት ያለች ልጅ እህል ተከለከለ» ብሎ ላከ። መጋዘኑ ደግሞ ከሠላሳ አራት ቁጥር ቤት የሞተች ልጅ እህል አሁንም እየወጣ ነው አለ። ሌብነት ነው አልኩ። ሰፋሪው አጭበርባሪ፣ መጋዘነኛው ሌባ፣ ጤና ጣቢያው ሰነፍ ነው አልኩ። ሁሉን ከጠረጠርኩ በኋላ ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ቀኖቹን አነበብኩ። ዘምዘም ሰኢዳን ይዛ ወደ መንደር አምስት የተዛወረችው ሕፃኗ ከመሞቷ በፊት ነው። የሞተችው ከእነሱ በኋላ ቤቱን የተረከበው ቤተሰብ ልጅ ናት። ቤቱ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት።

በዓይኔ እስካይ ብዬ በእህል መኪና መንደር አምስት ሄድኩ። ሰኢዳ የኮባ ቅጠል ራሷ ላይ ዘርግታ ዝናብ ውስጥ ቆማለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ መኪናውን ስታይ ሳቀች። ዘምዘም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«የአባቷ ወሬ የለም፣ ጋሼ? ሁሌ ትጠይቀኛለች።»

«የለም» አልኩ።

ይህችን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ መልሼ ሰማኋት መሰለህ? ማን አስገደደኝ? አባቷ በእግሩ የሚደርሰው አገር ውስጥ ነበር። «አለ» ማለት ከ«የለም» ይረዝማል እንዴ?

እኔ ግን ሌላ ነገር ተናገርኩ። አባት የሌላት ሆና ከተጻፈች እንደገና ትሰረዛለች፣ በባልሽ በሁሴን ልጅነት ትመዝገብ አልኳት። ውሸቴን ነው። ሁሴን ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «እሰይ፣ ሳልወልድ ልጅ ሰጡኝ» ብሎ ሳቀ። መቱ ተመልሼ ለሁሴን ቤት፣ ሰኢዳ ሁሴን የሚል ስም ያለበት አዲስ ካርድ ጻፍኩ። ሰኢዳ ይመር የሚል ስም ያለበትን ካርድ፣ የስም ማውጫውን ቅጠልም ጭምር፣ አውጥቼ ቀደድኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የቀደድኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው። አንድ ሰው መዝገቡን ቢያገላብጥ አባትና ልጅን የሚያገናኝ ነገር እንዳያገኝ አድርጌ ቀደድኩት፤ ያንን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅበት አልነበረም።

ለብዙ ዘመን ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በዚያ ጊዜ የእህል ስሕተት አሻጥር ተብሎ ሰው ያስር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን አንድን ልጅ ለአባቷ በመመለሴ ማን ያስረኝ ነበር? እውነቱ ሌላ ነው። እንግዳው ጓድ አዲስ አበባ ገብቶ አሠራሬ በሌሎች አውራጃዎችም እንዲለመድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቢሮው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሳ ይጨብጠኝ ነበር። ያንን እጅ ማጣት አልፈለግሁም። ልጅቷን የሸጥኳት በእጅ መጨበጥ ነው።

ይመር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ እንግዳ የለም፣ ሻይ የለም፣ ችኮላ የለም። እኔና እሱ ብቻ ነን።

«አስቸገርኩዎ ጋሼ። መቃብሯን ቢያሳዩኝ ብዬ ነው። ድንጋይ ላኑርላት። ይዛት የነበረችውንም ሴት ባመሰግን።»

እግዜር ሁለተኛ ዕድል ለሁሉ ሰው አይሰጥም፤ ለእኔ በደጄ አስገብቶ ፊቴ አቆመልኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሴቲቱ የት እንደሄደች አይታወቅም አልኩት። መቃብሩ መንደር ሁለት፣ ከመንደሩ በላይ ዋርካው ሥር ነው፣ እዚያ ጠይቅ አልኩት። አፌ ይህን ሲል ዓይኔን ከመዝገቡ አላነሳሁም፤ እሱ ሐዘን መሰለው። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘኝና፣ «አብሽሩ፣ ጋሼ። እርስዎ ምን ያርጉ፣ የአላህ ሥራ ነው» አለኝ።

አጽናናኝ። ልጁን በሕይወቷ የቀበርኩበት ሰው እኔን አጽናናኝ።

ሄዶም ለሰው ልጅ መቃብር ድንጋይ አኖረ፤ ሾፌሮቹ ነገሩኝ። ሰኢዳ ከዚያ መንደር ወንዝ ማዶ፣ መንደር አምስት ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ሲመለስ እሱም አብሮ ተመለሰ አሉ። ይኑር ይሙት አላውቅም።

ሰኢዳ ግን አለች። ሁሩሙ አግብታ ትኖራለች፣ በገበያ ቀን ማር ትሸጣለች። ኦሮምኛዋን ሰምተህ ወሎ ተወለደች አትልም። እኔም በጡረታዬ እየተሳፈርኩ እሄድና ከእሷ ብቻ እገዛለሁ። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ማር ይበሉታል ወይስ ይታጠቡበታል?» ትለኛለች። ባለፈው ድፍረት አገኘሁና፣ ዘመዶችሽ እዚህ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ማሩን እየቀዳች መለሰችልኝ፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ያሳደጉኝ ሞቱ። የወለደኝ ይመር ይባላል፣ በድርቁ ጊዜ ተለያየን። ቢፈልገኝ ኖሮ ያገኘኝ ነበር አባባ። መቱ ላይ መዝገብ ነበር አሉ፣ ሰው የማይጠፋበት።»

መዝገቤ ያን ያህል ዘመን ቆይቶ በአንድ ሰው አፍ ሲመሰገን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ማሬን ይዤ ተመለስኩ።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ይቅር የምትለኝ አንተ አይደለህምና። ሽምግልናዬንም ምክንያት አላደርገውም፤ እግሬ ሁሩሙ ድረስ ማር ሊገዛ ይሄዳል። እውነት ለመናገር ግን አልሄደም። ስለዚህ የቀደድኩትን ካርድ እዚህ መልሼ እጽፈዋለሁ፤ የሚያውቃት ሰው ቢያነበው ያንብብላት። ሰኢዳ ይመር፣ መንደር አምስት፣ በሕይወት ያለች። አባትሽ ፈልጎሻል። ሁለት ጊዜ በእግሩ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ የመለስኩት እኔ ነኝ።