ቢልጫን ከቆሮሶ የለየንበት ክረምት

የጎረቤት ቢላ የዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ፣ ሸክ ሸክ የሚለው ድምፅ አጥር ተሻግሮ ሲመጣ፣ አባቴ ተዛውሮ ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ የገባንበት ክረምት ትዝ ይለኛል። ዝናቡ ሲያባራ አባቴ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ፣ የዓሣ ትራፊ በሚሻሙት ትልልቅ ወፎች፣ በአባ ኮዳዎቹ መሀል ተጋፍቶ ዓሣ ይገዛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ዓሣ አብስላ የማታውቀው እናቴም እንደ ሥጋ ወጥ ትሠራውና፣ በእንጀራ ጠቅልላ ለታናሽ ወንድሜ ለናቲ ታጎርሰው ነበር። ለእኛ ዓሣ ሁሉ ያው ዓሣ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ።

«የዛሬው ደግሞ ሙሽራ ነው» አለ።

እናቴ ስቃ ተቀበለችው፣ ሠራችው፣ ለናቲም የለመደውን ትልቅ ጉርሻ ሰጠችው። ናቲ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ፊቱ ቀልቶ ጉሮሮውን ያዘ። እናቴ ስሙን እየደጋገመች ስትጮህ፣ ሐይቁ ዳር ተወልደው ያደጉት ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ሮጠው ገቡና ወደ ፊት ደፍተው ጀርባውን መቱት። ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀጭን አጥንት ወለሉ ላይ ወደቀ። ናቲ አለቀሰ። ለቅሶ እንደዚያ ደስ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እትዬ ማርታ ድስቱን አዩና «ይሄ እኮ ቢልጫ ነው፣ የኔ እናት» አሉ።

«ሁሉም ዓሣ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ፣ ናቲን አጥብቃ እንዳቀፈች።

«በግና ፍየል አንድ ነው? ቢልጫ በጣት እየተፈለፈለ ነው የሚበላ። ማን ያጎርሰዋል!»

ሳፋው ውስጥ የቀረውን ጭንቅላት አንስተው፣ አፉ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጢሞች አሳዩን። እስከዚያ ቀን ስንበላው የኖርነው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ ጢም የለውም፣ ጀርባው ላይ ግን እሾህ አለው፣ አጥንቱም ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ይታያል፤ የሚውለውም ዳር ዳሩን፣ ሸምበቆው ሥር ነው። ቢልጫ ግን ክረምት ሲገባ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት ይሄዳል አሉን።

መስከረም ጠባ፣ በጋው መጣ፣ እናቴ ግን ዓሣ በሠራች ቀን አታጎርስም ነበር። ናቲ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እሷ አቀርቅራ ትበላለች። እኔ ደግሞ ከአባቴ ጋር አሞራ ገደል እየወረድኩ የዓሣ አፍ ስፈትሽ፣ ዓሣ አጥማጆቹ «ጢም ቆጣሪዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ የመረጥኩትን ዓሣ ይዤ ገባሁና «እማዬ፣ ቆሮሶ ነው፤ ጢም የለውም» አልኳት። አፉን ራሷ አየችው። ከበሰለ በኋላም ሥጋውን በጣቷ ፈልፍላ ፈልፍላ፣ ትንሽ ጉርሻ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። ናቲ እስኪውጥ ሁላችንም አላኘክንም።

ያኔ አፉን የሚከፍተው ልጅ ዛሬ በቁመት በልጦኛል፣ «ትልቅ ሰው ነኝ» እያለ ይኩራራል፣ ጉርሻ ግን እምቢ አይልም። እናቴም እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እስከ ዛሬ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ቆሮሶ ነው እማዬ» እላታለሁ።

ትተነፍስና ታጎርሰዋለች።