ከአንድ ግራር ጥላ የማይሰፋ ትምህርት ቤት

በኬንያ፣ ከማርሳቢት ከተማ በስተሰሜን፣ እኛ ገብራ የምንባል ግመል አርቢዎች በምንዘዋወርበት በረሃ፣ መምህርት ቃባሌ ከሰፈራችን ጋር እየተጓዘች ታስተምራለች። ሰሌዳዋ ግመል ላይ ይጫናል፤ ባረፍንበት ያለ ግራር ክፍሏ ነው። ተማሪዎቿን አንድ ጥላ ይበቃቸዋል። ልጅ ትምህርት የሚገባው ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ነው ወይስ አስተማሪው ሲያውቀው? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ የዳርሚ ነገር ነው።

ዳርሚ ከከተማው ትምህርት ቤት የተመለሰችው ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ነው። እዚያ ተማሪው ከመብዛቱ የተነሳ መምህሩ ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር። አባቷ ጋልጋሎ ወደ ቃባሌ አመጣትና፣

"ሰፈሩ እስኪነሳ ሞክሪያት" አላት። "ካልሆነላት ፍየል ትጠብቅ።"

ቃባሌ በመጀመሪያው ቀን ከመጽሐፉ እንደተማረችው ጠየቀቻት፦ "አባትሽ ስንት ግመል አለው? ሦስቱ ቢሸጡስ ስንት ይቀራል?"

ዳርሚ መሬት መሬት አየች።

"ምላሷን ከተማ ረስታው መጥታለች" አለ ሶራ የሚባለው ተረበኛ። ልጆቹ ሳቁ።

ከተማ ቢሆን ጥያቄው ወደ ሌላ ተማሪ ያልፍ ነበር። ቃባሌ ግን ሄዳ ከፊቷ ቁጢጥ አለች። "ለምን ዝም አልሽ፣ የኔ እናት?"

"ግመል አይቆጠርም" አለች ዳርሚ በቀስታ። "ከቆጠርኳቸው ያልቃሉ።"

ቃባሌ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። "እናቴ ይህን ጥያቄዬን ብትሰማ በአለንጋ ነበር የምትለኝ። እኔስ በግመል ወተት አይደል ያደግሁት?" አለችና ጠጠር አፍሳ አቀረበችላት። "ይኸው፣ ጠጠር ቢቆጠር አይሞትም።"

ዳርሚ ቆጠረች። ቀነሰች። ለካ ድሮም ትችል ኖሯል።

ሰፈሩ ሊነሳ ሲል ጋልጋሎ መጣ። ጠጠሮቹን አስቆጠራት፤ ፊቷን አዙራ ሳለ ጥቂቱን በጭብጡ ደበቀ።

"ስንት ወሰድኩ?"

የቀሩትን አየቻቸው። "ሰባት።"

እጁን ከፈተ፤ ሰባት ናቸው። "እቺን ሌባ እንኳ አያታልላት" አለ እየሳቀ። "ትማር።"

አዲስ ሰፈር እንዳረፍን ግን ጋልጋሎ የወንድሞቹንና የጎረቤቶቹን ልጆች አስከትሎ መጣ። ግማሾቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ።

"አባ ዳርሚ፣ ሁሉንም ካስገባሁ እኮ ይህም እንደ ከተማው ይሆናል" አለች ቃባሌ።

"ታዲያ የማንን ልጅ ልትመልሺ ነው? የኔን?"

ቃባሌ ልጆቹን ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ዳርሚና ነባሮቹ ጠዋት፣ አዲሶቹ ፀሐይ ስትበርድ።

"ትዘልቂዋለሽ?" አልኳት።

"እንጃ። የእያንዳንዱን ፊት ማየት እስከቻልኩ ድረስ አስተምራለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን እንደ ፍየል አገድኳቸው እንጂ አስተማርኳቸው አይባልም።"