የአባባ የሙከራ ጥሪ

እማዬ ዛሬ ጠዋት «የአያትሽ ሱቅ አይከራይም፤ ከትምህርት መልስ አንቺ ትከፍቺዋለሽ» አለችኝ! ደስታዬን ለብቻዬ አልቻልኩትምና ስለ አያቴ ስለ አባባ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አባባ ጅጅጋ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ስልክ ብቻ ነበር የሚጠግኑት። ልጅ ሳለሁ ያንን ባለ በተን ስልክ ያልያዘ ነጋዴ አልነበረም። በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ተች ስልክ ዞረ። ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፣ እንደገና ተደራጀ፣ በመጨረሻም ተሸጠና ስልኩን መሥራት አቆመ። መለዋወጫም ጠፋ።

አባባ ጠግነው ሲጨርሱ «ለሙከራ ደውል፤ ግን ካወራኸው ብዙ ጊዜ ለሆነህ ሰው» ይሉ ነበር። አንድ የጫት ነጋዴ «ብዙ ጊዜ ያላወራሁት ወንድሜን ነው፤ እሱ ደግሞ ይጮህብኛል» ቢላቸው፣ «ጥሩ፣ ስፒከሩንም እንፈትሻለን» አሉት። ደወለ።

ካረፉ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። እማዬም «ያለ መለዋወጫ ምን ሊሠራ?» ብላ ሱቁን ልታከራይ ነበር። ትናንት ግን አንዲት ወተት ሻጭ ከቱሊ ጉሌድ ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«አበዮ፣ ሽማግሌው የሉም?» አሉኝ፤ በሶማሊኛ «እህቴ» ማለታቸው ነው።

«አርፈዋል» አልኳቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከአንድ የማይሠራ ስልክ ዕቃ ፈትቼ፣ አባባ እንዳሳዩኝ አድርጌ ጠገንኩላቸው። ደውሉ ልላቸው አፈርኩ። እሳቸው ግን «ለማን እንደምደውል አውቃለሁ» ብለው ደገሀቡር ላለች ልጃቸው ደወሉ። በሳቅና በእንባ ሲያወሩ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

እናንተም በየመሳቢያችሁ የተረሳ ያ ስልክ ካለ አምጡልኝ። ባይሠራ እንኳ ከውስጡ የሌላውን ሰው ስልክ የሚያስነሳ ነገር አላጣም።