በሊፍት ተራራ የወጣችው ተክል

ያ ዓመት ክረምቱ ውጣ ቢሉት አልወጣ ያለበት ነበር። ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ግድግዳው ሁሉ ያላበው ነበር፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው በፊት አፍንጫውን ይጠርጋል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የተማረረበት ዝናብ ዛሬ ዛሬ ይናፍቃል። እንግዲህ በዚያ ክረምት ነው የሊፍቱ ሰው እህት እግሯን ልትታከም ልጇ ወዳለችበት ከተማ የሄደችው፤ ተክሏንም ለእሱ ትታ።

የሊፍቱን ሰው ሁሉም «ላይ ታች» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ፣ በአንዲት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የብረቱን በር እየከፈተና እየዘጋ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ነው። ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ማሳደጉንም ጨረስኩ ብላ አታውቅም።

እህቲቱ የአትክልተኞች ክበብ ሊቀመንበር ነበረች። ክበቡ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ያለማል፤ ሕጉም ጥብቅ ነው። መርዝ አይረጭም፣ የአትክልት ልጣጭ አይጣልም፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ጠብታው አይባክንም። ቀንድ አውጣ ከተገኘ በእጅ ተይዞ፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ከግንቡ ማዶ ይሸኛል፤ በማግስቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሸኛል። አንዱ ቀንድ አውጣማ ከመመላለሱ ብዛት ከአንዳንዶቹ አባላት የበለጠ ስብሰባ አክባሪ ሆኖ ነበር።

የክበቡ ዓይን ግን «የተራራዋ» ናት። ከደመና በላይ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትበቅል ዘር ናት፤ የመርፌ መሰኪያ ትራስ የምታክል ድቡልቡል። እህቲቱ ከዘር አንስታ ስድስት ዓመት አሳድጋታለች፤ አንድም ቀን አላበበችም። አደራው ሲመጣ አባላቱ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። ከአባላቱ አንዱ የሆነ ልብስ ሰፊ፣ «እኔ እንኳ እጄ ትኩስ ነው፤ ብርድ ወዳድ ነገር አይስማማኝም» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ ላይ ታች።

እህቱ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሌላ ሰው የለም?»

ልብስ ሰፊው እጁን ኪሱ ውስጥ ይበልጥ ቀበረ።

«ሌላ ሰው የለም ወይ?»

«እትዬ፣ እኔ አለሁ አልኩ እኮ።»

«አንተማ አለህ። ቁልቋል ያደረቅህ ሰው! ቁልቋል እኮ ነው ወንድሜ! በረሃ ያልገደለውን አንተ ገደልከው።»

እውነቷን ነው፤ አድርቆታል። ነገሩ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳዋለች። ላይ ታች ይህን ስም ከላዩ ላይ ማራገፍ ነበር የፈለገው፤ ሌላ አልፈለገም። አንዴ ብቻ «አበጀህ» ብትለው፣ ሰው ፊት ባይሆን እንኳ።

የተወችለት ወረቀት አጭር ነበር። «ከፍታ ትወዳለች። ነፋስ ትወዳለች። ውሃ አታብዛ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበበት። ተራራ ምንድን ነው? ደረጃ ያልተሠራለት ፎቅ ነው። ፎቅ ከሆነ ደግሞ የራሱ ሙያ ነው። በቀን አርባ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፤ አርባው ቢደመር እውነተኛ ተራራ ይሆናል። በማግስቱ ተክሏን ከነሸክላዋ አምጥቶ ሊፍቱ ውስጥ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

«መውረዱስ?» አለው ልብስ ሰፊው፣ ሱቁ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነበረና።

«ሲወርድ እሸፍናታለሁ» አለና ባርኔጣውን አውልቆ ደፋባት። «ካላየች አልወረደችም።»

«ሆዷስ አይነግራትም? እኔን ሲወርድ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»

«ሆድ የላትም።»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ባርኔጣውን አቃናላት።

ከዚያ ወዲህ ሕንጻው አዲስ ሥርዓት ያዘ። ሲወጡ ሁሉም ፎቁን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሲወርዱ ትንፍሽ የለም። ምድር ቤት የሚሄድ ሰው «ልውረድ» አይልም፤ «ወደዚያ ወደምታውቀው» ይላል። የሕንጻው አስተዳዳሪ አንድ ቀን «አሳንሰር ለሰው ነው!» እያለ ገብቶ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ደርሰው ባርኔጣው ሲደፋ ግን ቁጣው በረደ፤ በላይ ታች ጆሮ፣ «አሁን አትሰማንም?» ብሎ አንሾካሾከ። በማግስቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ጭነት፦ ሰባት ሰውና አንድ ተክል።»

ሁለት ወር ሲሞላ እህቲቱ ሳትናገር መጣች። ቤቷ እንኳ ሳትገባ፣ በክራንች እየተደገፈች በቀጥታ ወደ ሊፍቱ። ልብስ ሰፊው ውስጥ ነበር። እስከ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የበርጩማውን እግር በክራንቿ ጫፍ እየነካካች ወጣች። መመለስ ሲጀምሩ ላይ ታች ባርኔጣውን ደፋ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እሽሽ! እየተመለስን ነው፣ እትዬ።»

«እየወረድን ነው እንጂ ምን—»

ሊፍቱ ተንገራገጨና በሰባተኛና በስድስተኛው ፎቅ መሃል ቀጥ አለ።

«ይኸው፣ ሰማችዎት!» አለ ልብስ ሰፊው።

ሁለት ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። እህቲቱ ወንበሩን ተቀበለች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ተክሏንም ልክ እንደተወለደ ሕፃን አገላብጣ መረመረች። ከወለሉ ክፍተት የዋሻ ያህል ቀዝቃዛ ነፋስ ሽቅብ ይነፍሳል። እጇን ሰደደችበት። አፈሩን ዳሰሰች፤ ላይ ታች የሊፍቱ ወለል እንዳይረጥብ ፈርቶ በማንኪያ ነበር የሚያጠጣት። ተክሏ ለምልማለች፤ ያኔ ምክንያቱ ገባት። የከፍታው ሥራ አይደለም፤ የነፋሱና የማንኪያው ነው። ይህች ሴት የሰው ስሕተት ሳታርም አልፋ አታውቅም፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮኽ እንኳ አጯጯኋን ታርም ነበር።

ከዚያ ጣቷ አንድ ነገር ላይ ቆመ።

«ይህን አይተኸዋል?»

«ምኑን? ሞተች እንዴ?»

«እምቡጥ ነው፣ አንተ ሞኝ።»

ላይ ታች አፉን በእጁ ያዘ። ልብስ ሰፊው እንባውን በመለኪያ ሜትሩ ጠረገ።

«እንግዲህ በከፍታው ነዋ» አለ ላይ ታች፣ ቀስ ብሎ።

እህቱ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና አፏን መልሳ ገጠመች። «በቀን ስንቴ አወጣሃት?»

«አርባ።»

«አርባ!» ራሷን ነቀነቀች። «አበጀህ። እኔ ይህን ያህል ባልወጣሁላት ነበር።»

ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ቀድማ ባርኔጣውን የደፋችው እሷ ናት፤ ወደ ልብስ ሰፊውም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየች።

የተራራዋ በአምስተኛው ቀን አበበች፤ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ሲወጡ። የክበቡ አባላት ሰባት ሰባት እየሆኑ ገብተው አዩዋት። በዓመቱ ሕንጻው ሰው የማይሻ፣ አዝራር የሚጫኑት ሊፍት አስገባ፤ ላይ ታችም ጡረታ ወጣ። ክበቡ በእህቱ ሐሳብ አቅራቢነት፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ የተራራ ተክሎች ኃላፊ አደረገው። እስከሚታወቀው ድረስ የሚኖረው ከእህቱ ቤት በስተጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ለተራራ ተክሎቹ በተሠራው የድንጋይ ክምር አጠገብ ይገኛል።