የአክተሩ ጓደኛ

ልጅ እያለሁ አዋሽ ላይ አንድም ፊልም አይቼ አላውቅም፤ የማላውቀው ፊልም ግን አልነበረም። የዛሬ ልጆች ይህን ስል ግራ ይገባቸዋል። የኔ ዘመን ሰዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ቪዲዮ ቤት የወንዶች ነበር። እናቴ ለታላቅ ወንድሜ ለጀማል የመግቢያ ስሙኒ ስትሰጠው እኔም እጄን እዘረጋለሁ፤ «ሴት ልጅ ደሞ ቪዲዮ ቤት ምን ልትሠራ?» ትለኛለች። ስለዚህ እሱ ሄዶ ያያል፤ ተመልሶ ለኔ ይተርካል። ይህ በቤታችን የታወቀ ሥርዓት ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት የጋሽ ደምሴ ነው። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ከዞረ ወዲህ ካሴት የሚያመጡላቸው የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ፤ አባቴም አንዱ ነው። ታዲያ ከጅቡቲ የመጡት ፊልሞች የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነው። ባቡር ላይ ፈረንሳይኛ ከለመዱት ከጋሽ ደምሴ በቀር የሚሰማው ሰው የለም፤ እሳቸውም ነገሩ ሲጥም «ተዉ፣ ይሄ ለልጅ አይነገርም» ብለው ያልፉታል አሉ። የቆርቆሮው ሙቀት ሰው ስለማያስቀምጥ ወለሉን ውሃ ይረጩታል። ጀማል ሲመለስ የረጠበ አፈርና የላብ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ፊልም ሲባል እስከ ዛሬ የሚሸተኝ ያ ነው።

ትረካው ባቡር ጣቢያው ዳር፣ ሀዲድ ላይ ቆሞ የቀረ አንድ ፉርጎ ጥላ ሥር ነበር። የፉርጎው ብረት ከሰዓት በኋላ ፊት ይጋረፋል፤ ከሥሩ ግን ነፋስ ያልፋል። ጀማል ተቀምጦ የሚተርክ ልጅ አልነበረም። አክተሩንም ክፉውን ቦስም ራሱ ሆኖ ይደባደባል፤ «ዲሽ! ዲሽ!» እያለ ራሱ መትቶ ራሱ ይወድቃል። ፈረንሳይኛውን ስለማያውቅ ንግግሩን ሁሉ ከራሱ ይሞላዋል፤ አክተሩም እንደ አዋሽ ሾፌር ይናገራል። «ስማ አንተ፣ ልጅቷን አሁኑኑ ካላመጣህ ወላሂ አልምርህም!» ይላል። ፈረንጅ ወላሂ ብሎ መማሉ አንድም ቀን ገርሞኝ አያውቅም።

ፊልሞቹን በርዕሳቸው አናውቃቸውም፤ «ባለ ሰንሰለቱ»፣ «ባለ ካሚዮኑ» እያልን ስም የምናወጣላቸው እኛው ነን። ሕጋቸውን ግን ጠንቅቀን እናውቃለን። አክተር አይሞትም። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበት ቢበዛ ትከሻውን ትነካው ይሆናል። የአክተሩ ጓደኛ ግን አይተርፍም። ደግ ከሆነና ከቀለደ ያሰጋል፤ የልጁን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ ካሳየማ አለቀለት። እሱ ካልሞተ አክተሩ በምን ይናደዳል?

አባቴ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ከጅቡቲ ሲመለስ ገና ድልድዩን ሲሻገር ክላክስ ያሰማል፤ እኛም እየተሯሯጥን አስፋልቱ ዳር እንቆማለን። አንስቶ ከመሪው ኋላ ያስቀምጠኛል። ናፍጣና ተምር ይሸታል። የኔና የጀማል ፎቶ ከፊት መስታወቱ በላይ ተሰክቶ አብሮት ይጓዝ ነበር።

አንድ በጋ ግን በሚመጣበት ጊዜ ሳይመጣ ቀረ። እናቴ መንገድ እየወጣች የሚያርፉትን ሾፌሮች ትጠይቃለች። አንዱ ሚሌ ላይ ሻይ አብረን ጠጥተናል ይላታል፤ ሌላው ገዋኔ አልደረሰም ይላታል። «ኢንሻአላህ ይመጣል» ብለዋት ይሄዳሉ። እሷም ቤት ተመልሳ አንዱን ዕቃ ደጋግማ ታጥባለች።

በዚያ ሰሞን ነው ጀማል «ባለ ካሚዮኑን» አይቶ የመጣው። ሲተርክልኝ ዲሽ ዲሽ የለም፤ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ሁለት ሾፌሮች ናቸው፤ አንዱ አክተሩ፣ ሌላው በዕድሜ የሚበልጠው ጓደኛው። ጓደኛው ቦርጫም ነው፣ ይስቃል፣ የልጁን ፎቶ ከፊቱ ሰቅሏል። ሕጉን ስለማውቅ ገና ፎቶው ሲነሳ አለቀለት አልኩ። የቦሱ ሰዎች ፍሬኑን በጠሱት። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ አልቆም አለ፤ ተገለበጠና ገደል ገባ።

«ሞተ?» አልኩት።

በጥፍሩ የፉርጎውን ዝገት ይልጥ ጀመር። ላለቅስ ስል አየኝ።

«አልሞተም» አለ። «በመስኮት ዘለለ። እግሩ ተሰብሮ መሄድ አቃተው እንጂ አልሞተም። ግመል የሚጠብቁ ሰዎች አገኙት፤ ወተት ሰጡት፣ እግሩን በእንጨት አሰሩለት። እስኪድን እነሱ ጋ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመጣል።»

«ፊልሙ ላይ መጣ?»

«ገና ነው፣ ፋጤ። ክፍል ሁለት አለው።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! የአክተር ጓደኛ ሲተርፍ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። የፈረንጅ አገር ፊልም ውስጥ ግመል ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ግመል የሌለበት አገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከመስጊድ ሰዎች መጡ። «ኢና ሊላሂ» ብለው ሲያረዱን እናቴ ጮኸች። የአባቴ መኪና ከሚሌ ወዲህ ተገልብጦ ነበር። እኔ አላለቀስኩም፤ እንዲያውም ሰዎቹን ተናደድኩባቸው። በሰው መሐል እየተሹለከለክሁ ጀማል ዘንድ ደረስኩና «ንገራቸው እንጂ! ግመል ያላቸው ሰዎች ጋ እኮ ነው!» አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጀማል ፊልሙን ባየባት ቀን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሾፌሮች የአባቴን ሞት ለጋሽ ደምሴ ሲነግሯቸው መስማቱን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጀማል ከዚያ ወዲያ ፊልም ተርኮልኝ አያውቅም። እኔም ክፍል ሁለትን ብዙ ጊዜ ጠበቅሁ። ለገበያ ቀን ግመሎች ወደ ከተማ ሲገቡ ከኋላቸው እያነከሰ የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ አይ ነበር።

ዛሬ ሰመራ ነው የምኖረው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እናቴ መሪ እንዳይጨብጥ ያስማለችው ጀማል ሚሌ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ ይመጣል። በቀደም ዓርብ ልጄ ሀናን ስልኬ ላይ አንድ የድሮ ፊልም ከፈተች። ሁለት ሾፌሮች። አንደኛው ቦርጫም ነው፣ ይስቃል፣ ፎቶ ሰቅሏል። አይቼው የማላውቀውን ፊልም ገና ሲጀምር ለየሁት። ጀማልም ለይቶታል፤ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። መኪናው ገደል ገባ፣ ነደደ። ግመል የለም፣ ወተት የለም። አክተሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«አጎቴ፣ ሰውዬው ሞተ?» አለች ሀናን።

ግመል የሚጠብቁት ሰዎች ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ጀማል ቀደመኝ። «አዎ ሀኒ፣ ሞተ» አላት። ያቺን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም «እሺ» ብላ ማየቷን ቀጠለች። የዛሬ ልጅ ፊልሙ ሁሉ በመዳፉ ነው፤ ያልገባውን ወደ ኋላ መልሶ ያያል፣ ያልጣመውን ያልፈዋል፣ ማንም እስኪተርክለት አይጠብቅም። ጥሩ ነው። እኔ ግን ያን የጋለ ፉርጎ፣ ያን የረጠበ አፈር ሽታ፣ ራሱ መትቶ ራሱ የሚወድቀውን ልጅ በምንም አልለውጠውም።

ቀና ስል ጀማል እያየኝ ነበር። ጢሙ ሸብቷል።

«ክፍል ሁለቱን ፈልጌ አላገኘሁትም፣ ፋጤ» አለኝ።